የተጣመመው ዝናብ

ልጄ ራኬብ «አንድ ጃፓናዊ እንጨት ቀርጾ ሥዕል ሲያትም እናያለን» ብላ እሷ በምትኖርበት ብሩክሄቨን ወዳለ አዳራሽ ስትጎትተኝ ደስ አላለኝም። ከናሽቪል አራት ሰዓት ሙሉ ነድቼ የመጣሁት ከእሷ ጋር ላወራ እንጂ እንጨት ሲፋቅ ለማየት አልነበረም።

ሰውዬው ሞሪሺታ ይባላል፤ ሰባ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። መሬት ላይ ተንበርክኮ ጣት በማታክል ቢላ ጣውላ ላይ ዝናብ ይቀርጻል። ዝናቡ ከላይ እስከ ታች የወረዱ ቀጫጭን መስመሮች ነው። ዙሪያውን ይፍቅና መስመሩን ብቻ ያስቀረዋል። ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ያያል። እኔ ግን መስመሮቹ መሃል ላይ ሲደርሱ ወደ ጎን ሲጎብጡ አየሁና ለራኬብ ሹክ አልኳት።

«ምስኪን፣ እጁ ደክሟል። ዝናቡን አጣመመው።»

«እማዬ፣ ኮም ኦን። ፐርፌክት ስትሬት ነው እኮ።»

የምታሾፍብኝ መሰለኝ። ግራ ዓይኔን አሳከከኝና በመዳፌ ሸፈንኩት። ዝናቡ ጭራሽ ተጠማዘዘ። እጄን ወደ ቀኙ አዞርኩ፤ ቀጥ አለ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የመንገዱ ቢጫ መስመር ሲወላገድብኝ መንገድ ሠሪዎቹን ስራገም ከርሜያለሁ። ለካ መንገዱ ምንም አልሆነም። የተበላሸው ቀኝ ዓይኔ ነው። እኔ ደግሞ የትምህርት ቤት አውቶብስ ሹፌር ነኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ መስታወት እንኳ ገጭቼ አላውቅም፤ ይህንንም ላገኘሁት ሁሉ ስደሰኩር ነው የኖርኩት። ሰኞ ጠዋት አርባ ሁለት ልጆች ይጠብቁኛል።

ማን ያውቅብኛል? አልኩ በልቤ። ግራው ደህና ነው። በአንድ ዓይን የሚነዳ ስንት አለ። እንዲህ እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

ሞሪሺታ ተቀርጾ ያለቀ ሌላ ጣውላ አወጣ። ቀለም በብሩሽ ቀባው፤ ሌሎቹ ቀለሞች ቀድመው የታተሙበትን እርጥብ ወረቀት ላዩ ላይ አነጠፈ፤ ጀርባውን በቀርከሃ ቅጠል በተሸፈነ ክብ መዳመጫ ቀስ እያለ አሸው። ከዚያ ወረቀቱን ከጫፉ ይዞ ላጥ አደረገው። ሰዉ አጨበጨበ፤ እሱም ቀረብ ብለን እንድናይ በእጁ ጠራን።

ዝናብ የሚወርድበት ድልድይ ነው። ግራ ዓይኔን ሸፍኜ አየሁት። መሃሉ ላይ ግራጫ ጭጋግ ብጤ አለ እንጂ ድልድዩ ላይ ማንም የለም።

«ሶ ኪውት» አለች ራኬብ። «ልጅቷን አየሻት? ብቻዋን ስትሻገር።»

እጄን አነሣሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ቀይ ጃንጥላ ይዛ ከድልድዩ መሃል ላይ ነች። መልሼ ሸፈንኩ። ልጅቷ ጠፋች።

እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ልጅቷ በቀኝ ዓይኔ አትታየኝም» አልኳት።

ራኬብ ነገሩ ሲገባት እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ። አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን አለች። እኔ ግን ሐሳቤን ሳልቀይር ብዬ ስልኬን አወጣሁና ናሽቪል ላለው አለቃዬ ለተገኝ ደወልኩ።

«ተገኝ፣ ሰኞ ሌላ ሹፌር አዘጋጅ። ዓይኔ ልክ አይደለም። ድራይቭ ማድረግ የለብኝም።»

«አይዞዎት እትዬ እታገኝ፣ ኖ ፕሮብሌም። ለስንት ቀን ልሸፍንልዎት?»

«ሐኪም ሳያየኝ አላውቅም» አልኩትና የቀረውን እንድትነግረው ስልኩን ለራኬብ ሰጠኋት።