የካሰች እዝን

ካሰች ለለቅሶው ያዘቀዘቀችውን ነጠላ መልሳ ፈታችና መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«ይቅርብኝ» አለች። «አንቺ ደግ ነሽ ልጄ፤ ግን ይቅርብኝ።»

ሰርካለም በሩ ላይ ቆማ በረጅሙ ተነፈሰች። ከፍኖተ ሰላም ማልዳ የተነሣችው፣ ቡሬ ላይ ከባጃጅ ነጂ ጋር ስትከራከር የቆየችው፣ እዚህ ዋንዛ ማርያም አፋፉ ላይ ጭቃ የዋጠውን ጫማዋን በእጇ ጎትታ ያወጣችው ይህን ለመስማት አልነበረም። ቢሆንም አልተቆጣችም። ሳይኮሎጂ የተማረች፣ የተጨነቀ ሰው ማማከር እንጀራዋ የሆነ ሴት ናት፤ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መናገርን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ይዛዋለች። ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምን ይመጣል ብለው ነው የፈሩት እትዬ ካሰች?»

«እዝኔን አይበሉልኝም።»

«አንበላም ያለዎት አለ?»

«ማንም አላለኝም።»

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

«እኔ እንጃ» አለች ካሰች። ሰርካለም በልቧ ደስ አላት፤ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። ማንም ሳይናገረው የሚሰማ ነገር ከሰውዬው ጭንቅላት ካልሆነ ከሌላ ከየት ይመጣል? በነዚህ ሁሉ ወራት ምክር ደጋግማ ያስረዳቻትም ይህንኑ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ገና አሥራ አምስት ዓመት የሆናትን የካሰችን ልጅ፣ ያምሮትን፣ ከወንዝ ስትመለስ ገነነ የሚባል የመንደሩ ጎረምሳ ጠልፎ ወሰዳት። ልጅቱ ስትመለስ አፏን መክፈት አቅቷት ነበር። ሽማግሌ ተቀመጠ። የእድሩ ዳኛ አያ ዳኘው ለገነነ አጎቱ ናቸው፤ የሆነው ሆኗል፣ እናጋባቸውና ነገሩ ይብረድ አሉ። ባሏ የሞተባት ካሰች በዚያ ሁሉ ጋቢ ለባሽ ፊት ምን ትበል? አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። በማግስቱ ግን ልጇን ይዛ ቡሬ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ገነነ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ያምሮት ፍኖተ ሰላም ዘመድ ቤት ተጠግታ ትምህርቷን ቀጠለች። እርቅ ያፈረሰችው ካሰች እዚያው መንደሯ ቀረች፤ ቤቷም ማሳዋም እዚያው ነው፣ የት ትሂድ?

ክፉ ቃል የተናገራት የለም። ከእድሩም አላስወጧትም፤ መዋጮዋን አመስግነው ይቀበሏታል። መንገድ ላይ ሲያገኟት እንዴት ዋልሽ ይሏታል። ብቻ ጤፏ ደርሶ ለወንፈል ስትጠራቸው ሁሉም በዚያ ቀን ሌላ ጉዳይ አለባቸው። ብቻ ደጇን የሚረግጥ የለም። ብቻ ከቅዳሴ ስትወጣ ዙሪያዋ ባዶ ይሆናል። ካሰች እንቅልፍ አጣች፤ ከበሬዋ ጋር ማውራት ጀመረች፤ በመጨረሻም አንድ ቀን ያምሮት ልትጠይቃት ስትመጣ ገመድ ከእጇ ላይ ቀማቻት። ወደ ሰርካለም ቢሮ እያለቀሰች ያመጣቻትም ልጅቱ ናት።

ሰርካለም ሥራዋን የምታከብር ሰው ናት፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። የዋንዛ ማርያም ሰዎች ቡሬ ገበያ ሲወጡ እየጠበቀች፣ አንድ አንዱን ለብቻው አስቀምጣ ጠየቀች። የካሰች የድሮ ባልንጀራ ንግሥቴ፣ እኔ ካሰችን ልጠላ ብላ እንባዋን አፈሰሰች። አያ ዳኘው ራሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው፣ ለእሷ ከመጸለይ በቀር በልባቸው አንዳች እንደሌለ ማሉ። ሰርካለም ፊታቸውን አጥንታ አየች፤ አልዋሹም። ከዚህ በኋላ አልተጠራጠረችም። የካሰች ሕመም ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ቀስ በቀስ ሲጋፈጡት ይለቃል። መጀመሪያ ከቅዳሴ ስትወጣ ቀድማ ሰላም እንድትል አዘዘቻት። ካሰች ሰላም አለች፤ እነሱም መለሱላት። ያን ሳምንት እንቅልፍ ወሰዳት፤ ያምሮት እንደምትለው ስቃም ታይታለች። የቀረው ትልቁ ነገር እዝን፣ ለሐዘንተኛ የሚወሰደውን ምግብ፣ ይዞ ሐዘን ቤት መግባት ነበር። ጎረቤቷ እማሆይ ወለተ ሐና ሲሞቱ ሰርካለም ቀኑ እንዲህ ቶሎ መድረሱን እንደ ዕድል ቆጠረችው።

ባሏ ዘሚካኤል ግን ሳቀባት። እሱ ቡሬ ላይ ሶሲዮሎጂ ያስተምራል፤ ለማስተርሱ ያጠናውም የዚህችኑ መንደር እድር ነው። የሁለቱ ክርክር ከተማሪነታቸው ጀምሮ ያለ ነው፤ ያኔ መፈላለጊያቸው ነበር፣ አሁን መናከሻቸው ሆኗል። ትናንት ቁርስ ላይ ዳቦውን እያላመጠ እንዲህ አላት፦

«አንቺ ሰውን ነጥለሽ ታያለሽ። አያ ዳኘውን ለብቻቸው ጠየቅሻቸው፣ ደግ ሆኑ። ንግሥቴን ለብቻዋ ጠየቅሻት፣ አለቀሰች። አንድ ላይ ሲቀመጡ ምን እንደሚሆኑስ አይተሻል?»

«መንደር አይታመምም ዘሚካኤል። እንቅልፍ ያጣችው ካሰች ናት።»

«እንቅልፍ ያሳጣት ማን ሆነና? ጭንቅላቷ ደህና ነው። አግልለዋታል። ማንም አልወሰነም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። እዝኗን አይበሉላትም።»

ሰርካለም ሹካዋን አስቀመጠች። ይህን ያህል ካወቀ ለምን ለሽማግሌዎቹ አንድ ነገር እንደማይል ጠየቀችው። እሱ እኔ የማጠና ነኝ እንጂ የማስታርቅ አይደለሁም፣ እጄን ካስገባሁ የማየው ነገር ይበላሻል አለ። ቀጥሎም ለቅሶው ላይ እሱም ሊገኝ መሆኑን ነገራት። ለማጽናናት አለመሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። ሰርካለም ያን ጊዜ ካሰችን ይቆዩ ብትላት ይቻል ነበር። ግን እልህ ያዛት፤ እልህ የያዘው አማካሪ ደግሞ ራሱን አያማክርም።

እናም አሁን የካሰችን እጅ በሁለት እጆቿ ያዘች።

«እኔ አጠገብዎ እሆናለሁ።»

«አትለዪኝም?»

«አልለይዎትም።»

ካሰች ተነሣች። ነጠላዋን እንደገና አዘቀዘቀች፤ ሌሊቱን ያሰናዳችውን የምስር ወጥና እንጀራ የያዘውን መሶብ ተሸከመች።

ሐዘን ቤቱ ደጅ ላይ ዳስ ተጥሏል። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላው ተቀምጠዋል፤ ዘሚካኤል ቀድሞ ደርሶ ከአያ ዳኘው ጎን ቦታ ይዟል። ካሰች መሶቡን ለሴቶቹ አስረክባ ወደ ሟቿ ልጅ ወደ ባንተአምላክ ሄደች። ባንተአምላክን በልጅነቱ ያዘለችው እሷ ናት። ሲያያት ተነሥቶ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ፤ አብረው አለቀሱ። ሴቶቹም አብረው አነቡ። ሰርካለም ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በሴቶቹ ትከሻ ላይ አሻግራ ባሏን አየችው። አየኸው ወይ ማለቷ ነበር። ዘሚካኤል ትከሻውን ነቀነቀና ወደ መሶቦቹ አመለከታት።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። እዝን የመክፈቱ ሥራ የንግሥቴ ነው። በአገሩ ደንብ ከየመሶቡ እንጀራ ይነሣና በትልልቁ ትሪ ላይ ይደባለቃል፤ ሐዘንተኛውም ለቀስተኛውም ከሁሉም ቤት ይበላል። ንግሥቴ አንዱን ከፈተች፣ ቀጥላ ሌላውን። የካሰች ጋ ስትደርስ ሳትቆጣ፣ ሳታመናጭቅ፣ እንደ ታቦት በሁለት እጇ አንሥታ ዳሱ ጥግ አስቀመጠችው።

«የካሰች ለኋላ ይሁን። የሩቅ እንግዳ አይጠፋም» አለች።

አነጋገሯ ከማር ይጣፍጣል። ካሰች አንገቷን ነቅንቃ ተቀበለች። ሰርካለምም ለኋላ ማለት ለኋላ ነው ብላ ለራሷ ነገረች። የሩቅ እንግዳ ግን መጣ፤ ከጅጋ በመኪና የመጡ የሟቿ ዘመዶች ዳሱን ሞሉት፣ እንጀራም አለቀ። ንግሥቴ ልጅ ልካ ከጎረቤት ደረቅ ዳቦ አስመጣች። ዳቦ! እንጀራ ሞልቶ የተከደነ መሶብ ጥግ ላይ ተቀምጦ! ሰርካለም ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት።

ካሰች ተነሣች። መሶቧን ከጥግ አውጥታ ራሷ ከፈተችው፤ እንጀራውን በትሪ ዘርግታ ወጡን ጨለፈችና በለቀስተኛው መሃል ትዞር ጀመር። አንዷ፣ እግዜር ይስጥልኝ እቴ፣ ጠገብሁ አለች። ሌላዋ ጥርሷን አሟት ነበር። ከጅጋ እንግዶች አንዱ እጁን ሲሰድ አጠገቡ ያለው ሰው በጆሮው አንድ ነገር አለው፤ እጁን ሰበሰበ። ቃላቸው ሁሉ ምርቃት ነው፤ ይባርክሽ፣ አትድከሚ፣ ተቀመጪ እንጂ። ባንተአምላክ ጋ ደረሰች። ባንተአምላክ ትሪውን አየ፣ ካሰችን አየ፣ ከዚያ አያ ዳኘውን አየ። አያ ዳኘው መሬቱን በዘንጋቸው እየጫሩ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። ባንተአምላክ ኋላ እበላለሁ ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ካሰች መጨረሻ ላይ ሰርካለም ፊት ቆመች።

«አንቺ ብዪልኝ» አለች።

መልስ ሳትጠብቅ ቆረሰች። ምስሩን ጠቅልላ ጉርሻውን ወደ አፏ አቀረበችላት። ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ።

አያ ዳኘው ያን ጊዜ ቀና አሉ። «ንግሥቴ» አሉ ረጋ ብለው፣ «እንግዳችን እኮ ከጠዋት ጀምራ እህል አልቀመሰችም። ከእኛ ትሪ አቅርቡላት።»

ንግሥቴ ዳቦውንና የተረፈውን ወጥ በትሪ አመጣችና ሰርካለም ጉልበት ሥር አስቀመጠች። የካሰች እጅ በአየር ላይ ነው። አፍ መክፈት ብቻ ነበር የቀረው፤ ሕፃን የሚችለው ነገር። የሰርካለም መንጋጋ ግን ተገጠመ። ያ ሁሉ ዓይን ፊቷ ላይ ነው። ከዚያ ምክንያቱ ሁሉ እየተንጋጋ መጣላት። ባለሙያ አይወግንም። ከዚህ አካባቢ የሚመጡ ሌሎች ታካሚዎች አሏት። አያ ዳኘው ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሰብስበው ስለ ጭንቀት እንድታስተምር ሊፈቅዱላት ቃል ገብተዋል፤ ዛሬ ቢቀየሙ ያም ይቀራል። እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ነው። ዘሚካኤልም ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ያያታል፤ ሚስቱን ሳይሆን የሚያጠናውን ነገር የሚያይ ሰው ዓይን ነው። ጠላችው። ልታሸንፈው ፈለገች፤ አፏ ግን አልከፈት አላት።

«እትዬ ካሰች» አለች፣ «ለኋላ ይሁን።»

ካሰች ጉርሻውን ቀስ ብላ ወደ ትሪው መለሰች። አላለቀሰችም። ይልቁንም ፊቷ ተረጋጋ፤ ለወራት የፈዘዘው ዓይኗ ጥርት ብሎ ሰርካለምን አየ። ጤነኛ ናት፤ ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነበረች።

«ጭንቅላትሽ ነው ስትይኝ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «ጭንቅላት ከሆነ ይድናል ብዬ።»

እንጀራውን መልሳ አጠፈች፣ መሶቧን ከደነች፣ ተሸክማ ወጣች። ማንም አልከለከላትም፤ መንገድ የዘጉት ሰዎች እግራቸውን ሰብስበው፣ በደህና ግቢ እያሉ አሳለፏት። ከዳሱ ስትወጣ ወደ ኋላ አልዞረችም። የአጥሩን በር አልፋ ወደ ባዶ ቤቷ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘች፤ የሚከተላት አልነበረም። ገመዱን ያምሮት ወስዳዋለች፤ ግን ገበሬ ቤት ገመድ አይጠፋም። ሰርካለም ይህን አሰበች፤ አስባም እግሯ ተነሺ ተነሺ አላት። መነሣት ማለት ግን ያን ሁሉ ጉልበት ማቋረጥ ነው፣ በያንዳንዱ ሰው ፊት ማለፍ ነው።

ወሬው ተመለሰ። አንዱ ስለ ዝናቡ አነሣ፣ ሌላው ስለ ማዳበሪያ። አያ ዳኘው ወደ ሰርካለም ጠጋ አሉ። በፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ በቀለላት።

«ብዪ እንጂ ልጄ፤ ይቀዘቅዛል» አሏት። «አሁን የኛው ሰው ሆነሻል።»

ሰርካለም ቆርሳ ጎረሰች። እርቧት ነበር። ወጡም የሚጣፍጥ ወጥ ነው። ንግሥቴ ጭልፋ ይዛ በላይዋ ቆመች፣ ልጨምርልሽ ወይ አለቻት። ሰርካለም አፏ እንደሞላ ትሪውን ወደ ንግሥቴ ጠጋ አደረገችላት።