አራተኛው ሙልሙል

«አባዬ፣ እርሾው ዛሬን አያልፍም።»

መንግስቴ ቀና ሲል ልጁ ወይንእሸት ድንኳኑ በር ላይ ቆማለች። የቀሚሷ እጅጌ ዱቄት ነክቶታል። ንፍሮ እየዘገኑ ቀስ ብለው ሲያወሩ የነበሩት ለቀስተኞች ባንዴ ጸጥ አሉ። አንዱ ሳል እንደያዘው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው የሚያየው ያጣ ይመስል የድንኳኑን ካስማ ያይ ጀመር።

«የምን እርሾ?» አላት መንግስቴ። የምን እርሾ እንደሆነ ጠፍቶት አልነበረም።

«እማዬ የሰጠችኝ ነዋ። ማታ ማታ ዱቄት እየጨመርሁለት ነበር። አሁን ግን በጣም ኮምጥጧል፤ ዛሬ ካልጋገርነው መደፋቱ ነው።»

ጎረቤታቸው ፈንታነሽ ከጓዳ በኩል እየሮጠች ደረሰች። «ውይ በሞትሁት! ማን ለቀቃት? ነይ እናቴ፣ ነይ ወደ እኛ ቤት፣ ወንድምሽ ይጠራሻል።» ልጅቷን ትከሻዋን አቅፋ ወሰደቻት። ወይንእሸት እየሄደች ሁለት ጊዜ ዞራ አባቷን አየችው።

መንግስቴ ቢቸና ገበያ ዳር በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋ፣ ቃል የሚያወጣው ሲጠየቅ ብቻ የሆነ ሰው ነው። ሚስቱ ምስራቅ የእሱንም ድርሻ ትናገርለት ነበር። አሁን ምስራቅን ከቀበሯት ወዲህ አንድ መናገር ያለበት ነገር አለ፤ እሱም አልወጣህ ብሎታል። ልጆቹ እናታቸው መሞቷን ማንም አልነገራቸውም።

አስከሬኑ ከደብረ ማርቆስ በመጣ ዕለት ልጆቹን ፈንታነሽ ቤቷ ወስዳ ሸሸገቻቸው፤ ወይንእሸት የእርሾውን ማሰሮ ታቅፋ ነበር የሄደችው። እማዬ የት ሄደች ሲሏት፣ መቼም የጨነቀው ሰው ያፉን አያጣም፣ «ተሽሏት በዚያው ሞጣ ሄዳለች፤ አያታችሁ ታመው ልታስታምማቸው ነው» አለቻቸው። ምክሩ ሰውን ሁሉ ደስ አሰኘ። ጥሩ ውሸት ነበር። አንድ ሰው እንኳ «አያቲቱስ ለለቅሶ አይመጡም ወይ?» ብሎ አላሰበም።

በማግሥቱ የምስራቅ እናት ወይዘሮ ይርጋነሽ ከሞጣ አውቶቡስ ወርደው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ መንደሩን አቋርጠው መጡ። ወይንእሸት በፈንታነሽ አጥር ቀዳዳ አየቻቸው። ወደ ማታ ሴትዮዋ የልጆቹን ዓይን ልይ ብለው ሲያስጠሯቸው፣ ልጅቷ ጉልበታቸውን ሳመችና «አያቴ፣ ተሻለዎት?» አለቻቸው።

ስለ ውሸቱ የነገራቸው ሰው አልነበረም። «እኔን ምን ነክቶኝ!» አሉ፣ «እኔንማ ሞት ረስቶኝ ነው እንጂ!»

መንግስቴ እዚያው ነበር። ልጁ ሌላ ነገር ትጠይቃለች ብሎ ጠበቀ። አልጠየቀችም። የወንድሟን የይታያልን እጅ ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን «እማዬ መቼ ትመጣለች?» ብላ አታውቅም። መንግስቴ ይህን የልጅ መርሳት አድርጎ ወሰደው፤ እንዲያ ብሎ ማሰቡ ስለሚቀለው ነው።

ዛሬ ጠዋት የንስሐ አባቱ ሊያጽናኑት መጥተው በጆሮው «ነገርኻቸው?» አሉት።

«አልቻልሁም አባቴ።»

«ነገ ሰባቷ ነው። ሰዉ ሁሉ ስሟን እያነሳ ያለቅሳል፤ ከሜዳ ከሚሰሙት ካንተ ይስሙት። ከባዕድ አፍ ከሰሙት ዕድሜ ልክ ይቀየሙሃል።»

ልጁ እርሾ ብላ የመጣችው ይህን ብለውት እንደሄዱ ነበር።

እርሾውን ያውቀዋል። ምስራቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ሙልሙል ትጋግር ነበር። ሌላው ሰው ለቡሄ ብቻ የሚጋግረውን እሷ ዓመቱን ሙሉ ትጋግረው ነበር፤ ቤቱ ሁልጊዜ የልጅ በዓል ይሁን ብላ ነው። ሊጡን አራት ቦታ ትቆርሰዋለች። ልጆቹ የየራሳቸውን ያድበለብላሉ፤ ይታያል ግማሹን ጥሬውን ይበላዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ሙልሙል ምጣድ ላይ ሲቀመጥ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይጠራል። ወጓ ይህ ነበር። የክርስትና ስም ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሲጠራ ልጆች ይረሱታል፣ በዳቦ ከለመዱት ግን አይረሱትም ትል ነበር።

«በቤት ስም የተጣደ ሙልሙል ያራል» እያለች ታስፈራራቸዋለች። መንግስቴ አንድ ቀን ይሄ ሁሉ ጨዋታ ነው ብሎ ሙልሙሉን «መንግስቴ!» ብሎ ጣደው። ከሰል ሆነ። ልጆቹ በአድናቆት አፋቸውን ከፈቱ፤ ምስራቅ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ማታ መኝታቸው ላይ ነው፣ ፊቱን ሲያዞር ጠብቃ እንጨቱን በሙሉ ወደሱ ሙልሙል ሥር እንደገፋችው የነገረችው።

የራሷን ሙልሙል በልታ አታውቅም። በበር ለሚያልፍ የኔ ቢጤ ልጆቹ እንዲሰጡት ትልካቸዋለች። «የኔ የሚጣፍጠው ሲሰጥ ነው» ትላለች።

ወደ ሆስፒታል ስትሄድ ፊቷ ቢጫ ሆኖ፣ እግሯ አብጦ ነበር። ከመውጣቷ በፊት ግን ወይንእሸትን ጓዳ ወስዳ የእርሾውን ማሰሮ አሳየቻት። «እስክመጣ ማታ ማታ አንድ እፍኝ ዱቄትና ትንሽ ውኃ ስጪው። ስመጣ እንጋግራለን።» አውቶቡሱ ላይ መንግስቴ፣ ልጅቷን በከንቱ ተስፋ አታስይዣት አላት። «ልጅህማ ሁሉ ነገር ይገባታል» አለችው፣ በዚያ ሕመሟ ውስጥ እንኳ እያሾፈች፤ «የማይገባህስ አንተ ነህ።»

መንግስቴ ይህን ሲያስታውስ ከአግዳሚው ተነሳ። ለቀስተኞቹ ለሽንት የወጣ መሰላቸው። እሱ ግን ፈንታነሽ ቤት ሄዶ ልጆቹን ከእርሾው ማሰሮ ጋር ግራና ቀኝ ይዞ ተመለሰና፣ በድንኳኑ መሃል አልፎ ጓዳ ገባ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ፈንታነሽ ከኋላው።

«ልንጋግር።»

«አብደሃል እንዴ? ሰባቷ ሳይወጣ፣ ለቅሶ ቤት እሳት ይነዳል? የነገውን ድፎ የእድሩ ሴቶች ይጋግሩት የለም ወይ! ሰው ምን ይላል?»

የመለሱላት ጥግ ላይ ተኮራምተው የተቀመጡት ወይዘሮ ይርጋነሽ ናቸው። «ተያቸው ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸው በለቅሶ ሻክሯል። «ሰውስ ያለውን ይበል። እሳቱን እኔ አነደዋለሁ፤ የልጄ ጉልቻ ቀዝቅዞ ማየቱ አልሆነልኝም።»

ወይንእሸት ዱቄቱን ነፋች፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ጨመረች፣ እርሾውን ገለበጠችበት። መንግስቴ ውኃ እያፈሰሰላት አቦካችው። ክንዷ ሲደክም እሱ ተቀበላት። ሊጡ በጨርቅ ተሸፍኖ ኩፍ እስኪል ሦስቱም አጠገቡ ተቀመጡ፤ ይኸኔ ነበር መናገር። «ወይንዬ» አለ መንግስቴ። «አቤት አባዬ» አለችው። «ጨው አላነሰውም?» አላት። አላነሰውም አለች። ሁለተኛም ጀምሮ ስለ እንጨቱ ተናገረ። ራሱን ሊመታው ምንም አልቀረው።

ሊጡ ደረሰ። ይታያል እጁን ሊከት ሲል እህቱ በዓይኗ ከለከለችው። ወይንእሸት ሊጡን ቆረሰችው፤ መንግስቴ እጆቿን እያየ አብሯት ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛውንም ቆረሰች። አሁንም እየጠበቀቻት ነው ማለት ነው፣ አለ በልቡ። ተስፋዋን አሁን እሱ በአፉ ሊበትነው ነው።

አያቲቱ የኮባ ቅጠል ምጣዱ ላይ አነጠፉ። ልጅቷ የመጀመሪያውን አስቀመጠች። «ገብረ ክርስቶስ።» ይህ የአባቷ ነው። «ሣህለ ማርያም።» ይታያል የራሱን ስም ሲሰማ ሳቀ። «ወለተ ሐና» ብላ የራሷን ጣደች።

አራተኛውን መዳፏ ላይ እንደያዘች ቆመች።

«አባዬ፣ ለሞተ ሰው ከስሙ በፊት የሚባለው ምን ነበር?»

አያቲቱ እጃቸው ቅጠሉ ላይ እንዳለ ቀረ። ፈንታነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። መንግስቴ ልጁን አያት። ዓይኗ ደረቅ ነበር። ያን ጊዜ ገባው። እሱ ከሷ የሸሸገ መስሎት ሲብሰለሰል፣ እሷ ከሱ ስትሸሽግ ነበር። አያቷን በአጥር ቀዳዳ ካየችበት ቀን ጀምሮ ይህን ብቻዋን ተሸክማ፣ ማታ ማታ ለእርሾው ዱቄት ስትሰጥ ከርማለች። ልቡ አዘነላት፤ በራሱም አፈረ።

«ነፍስ ይማር ነው የሚባለው» አለ። ቃሉ ወጣለት።

«ነፍስ ይማር፣ ወለተ ሥላሴ» አለች ወይንእሸት። ሙልሙሉን ቀስ ብላ ከሦስቱ ጎን አስቀመጠችው።

«እማዬ ሞታለች እንዴ?» አለ ይታያል።

መንግስቴ ተንበርክኮ ሊጥ በሊጥ የሆነውን የልጁን እጅ ያዘ። «አዎ የኔ ልጅ። ሞታለች። ቀብረናታል። አትመጣም።»

ሕፃኑ ምጣዱን አየ። «ታዲያ ሙልሙሏን ማን ይበላዋል?»

«ዱሮስ መቼ በልታው ታውቃለች?» አለች እህቱ። «ለነዳያን ነው የሚሰጥ።» ይህን ብላ እንባዋ መጣ፤ አባቷ ደረት ላይ ወድቃ፣ ልጅ እንደሚያለቅሰው ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። መንግስቴ ዝም አላሰኛትም። አብሯት አለቀሰ። ሙልሙሎቹን ያገላበጡት አያቲቱ ናቸው።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መንግስቴ ጋቢውን አጣፍቶ አራተኛውን ሙልሙል ከምጣዱ በባዶ እጁ አነሳ። ፈንታነሽ በጨርቅ ልትጠቀልልለት እጇን ዘረጋች።

«ይፋጃል እኮ መንግስቴ!»

«ይሁን» አላት።

በድንኳኑ ሲያልፉ ለቀስተኞቹ ከመቀመጫቸው ተነሱላቸው። ይታያል በአንዱ፣ ወይንእሸት በሌላው በኩል የጋቢውን ጫፍ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ቁልቁል ወረዱ። ሙልሙሉ መዳፉን ያቃጥለው ነበር፤ መንግስቴ እስኪደርሱ ድረስ እጅ አልቀየረም።