የማሳው ባለቤት ዝይ

በእኛ አገር በመጀመሪያ የተመታው ዝይ የሚሰጠው ለማሳው ባለቤት ለእማማ ጉንቮር ነው። ደስ ካላቸው ለከርሞም ማሳቸው ላይ እንድናድን ይፈቅዱልናል።

«የጥይቱን ፍሬ የሚበትነውን ሰፊውን ቾክ፣ ያንን አጭር ቱቦ፣ አፈሙዝህ ላይ ግጠም» አለኝ ጓደኛዬ ኦድቫር፣ በታጨደው ገብስ መሃል ወፎቹን የሚያታልሉትን የፕላስቲክ ዝዮች እየተከለ። «የብረት ፍሬ እንደሆነ በራሱም ብዙ አይበተንም። ወፎቹ ደግሞ እግርህ ሥር ነው የሚያርፉት።»

«አንተ ቅርብ ቅርቡን ልቀም። እኔ ከሩቅ አወርዳለሁ!» ብዬ ፍሬውን አንድ ላይ የሚሰበስበውን ጠባቡን ገጠምኩና ትልቁን ጥይት አጎረስኩ።

አንድ ዝይ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ብቻ እስኪቀረው ድረስ መጣ። ተኮስኩ። ላባው ሲረግፍ ኦድቫር ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር። የሚቀበር ግን አልተረፈም።»

ለእማማ ጉንቮር ደጃፋቸው ላይ ደረቱን ወደ ታች አድርጌ ሰጠኋቸው። ገለበጡት። ጡጫቸው ደረቱ ላይ በተከፈተው ቀዳዳ አለፈ።

«ልጄ፣ ተኮስከው ወይስ አረስከው?»

«ከሩቅ ስለነበር ነው» አልኩ፣ ፊቴ እንደ ምድጃ እየጋለ።

ወደ ወጥ ቤታቸው መስኮት ዞር አሉ። ከዚያ ማሳው በሙሉ ወለል ብሎ ይታያል፤ የተከልናቸውን ዝዮች መቁጠር ይቻላል።

«ለከርሞ ኑ» አሉ። «አንተ ግን ጠመንጃህን እቤት ትተህ፣ ፕላስቲኮቹን ልትተክል።»