ብርድ ገባ

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው። ማሽኖቹ እንፋሎታቸውን ሲተፉ ይውላሉ፤ ግድግዳው ያልበዋል፤ የሴቶቹ ሽርጥ ሆዳቸው ላይ ይጣበቃል። እዚያ ውስጥ ብርድ የሚባል ነገር ዝር ብሎ አያውቅም። ያም ሆኖ አዲስ ሠራተኛ በገባች ቁጥር፣ ገና ማሽኑ እንዴት እንደሚከፈት ሳይነገራት፣ መጀመሪያ የምትማረው ስለ ብርድ ነው።

አስተማሪዋ እታለም ናት። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ለሁሉም እታለም ናት፣ ታላቅ እህት። ከማጠፊያው ጠረጴዛ ራስጌ ቆማ አንሶላ ታጥፋለች። አዲሷን ልጅ አጠገቧ ታቆምና እጇን ሳታሳርፍ ትነግራታለች።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ከኛ አንዷ ስታስል ከሰማሽ ብርድ ገባ ማለት ነው። አንሶላ ክፍል ውስጥ ብቻሽን ከሆንሽ የያዝሽውን ጥለሽ ውጪ። ውጭ ከሆንሽ ደግሞ አንቺም ተቀበዪና አስዪ።»

«በዚህ ሙቀት የምን ብርድ?» ያለች እንደሆነ ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ሲስቁም ዓይናቸው ወደ ኮሪደሩ ነው።

ብርድ የሚሉት ኃላፊያቸውን ነው። መልኩ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ፊቱ ግን የአባት ፊት ነው። ልጇ የታመመባት ፈቃድ ስትጠይቀው እምቢ አይልም፤ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ደርሶ ከሐዘንተኛው በላይ ያለቅሳል። በማግስቱ ደግሞ አንዷን አንሶላ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ካገኛት ገብቶ በሩን በጀርባው ይዘጋል። ያ ክፍል መስኮት የለውም።

ከዓመታት በፊት ካውያ ላይ የምትሠራ አንዲት ቆራጥ ሴት አስተዳደር ድረስ ወጥታ ከስሳው ነበር። «እሱ እኮ እንደ አባት ነው» አሏት። «ቀልዱን ነው፣ አንቺ ነሽ ያከረርሽው» አሏት። «የልጆች አባት እንጀራ ልትዘጊ ነው?» አሏት። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት እንዲህ ነው። ብዙም ሳይቆይ እሷን ወደ ሬሳ ክፍል ጽዳት አዛወሯት፤ እሱ በነበረበት ቀረ። ሴቶቹም ከዚያ ወዲህ መክሰሱን ትተው ማሳል ያዙ።

ሳሉ ይሠራ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ጫማውን ስታይ እህ እህ ትላለች፤ ካውያ ላይ ያለችው ትቀበላታለች፤ ከእሷ እታለም ትቀበላለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሳሉ ከሰውየው ቀድሞ አንሶላ ክፍል ይደርሳል። ሴቶቹ ብልሃታቸውን ኮሩበት። አንዷማ «እሱ ጡረታ ሲወጣ ይሄን ሳላችንን ማን ያክምልናል?» ብላ በሳቅ ገድላቸዋለች። ሰው ሲለምድ እንዲህ ነው፤ ጅቡን ከግቢ ከማስወጣት መምጫውን ማጥናት ይቀለዋል።

እታለም ከማህፀኗ ልጅ የላትም። እህቷ ስትሞት ትታት የሄደችውን ልጅ ግን ገና ከጡት ሳትወጣ ወስዳ አሳድጋለች። ልጅቷን ሚጢጢ ነው የሚሏት፤ በየበሩ ጎንበስ ብላ የምታልፍ ረጅም ስለሆነች ለቀልድ የወጣ ስም ነው። በሕፃንነቷ የያዛት ትኩሳት ነፍሷን ትቶ ጆሮዋን ወሰደው። ከኋላዋ መድፍ ቢተኩሱ አትሰማም። ፊት ለፊቷ ሆነው ካወሯት ግን አንዲት ቃል አታመልጣትም፤ ከንፈር ታነባለች። ይህንንም ያስተማረቻት እታለም ናት፣ አገጯን በሁለት ጣት ይዛ፣ «አፌን እዪኝ፣ አፌን» እያለች። ልጅቷ ስትናገር የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው ትጮሃለች፤ ሹክ ማለት አታውቅበትም።

ሃያ ዓመቷን ደፍና፣ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ሥራ አጥታ ቤት ስትውል እታለም አንጀቷ አልችል አለ። ሄዳ ለመነችላት። ማንን? ብርዱን!

«ያንቺ ልጅ ማለት የኔ ልጅ ናት» አላት፤ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርጎ። እታለም ጎንበስ ብላ አመሰገነች። መንገድ ላይ ነው ልቧ ድንግጥ ያለው፤ ልጅቷ ሳል አትሰማም። «እኔ እያለሁ ምን ትሆናለች? ትከሻዋን መታ አደርጋታለሁ» ብላ ራሷን በራሷ አጽናናች። ለልጅቷም እንዲሁ ነገረቻት፤ ትከሻሽን ስነካሽ ዝም ብለሽ ተከተይኝ።

የሆነውም ብዙ ሳይቆይ ሆነ። የዚያን ቀን የሚታጠፈው ተራራ አክሎ ነበር። ሚጢጢ የታጠፈውን በጋሪ እየገፋች ወደ አንሶላ ክፍል ገባች። ከኮሪደሩ ጫፍ እህ እህ ተባለ። ካውያ ላይ ያለችው ተቀበለች። እታለምም እንደ ልማዷ አፏን በመዳፏ ሸፍና፣ ደህና አድርጋ አሳለች። ሰውየው «በርቱ ልጆች!» እያለ በአጠገቧ አለፈ፤ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። እታለም አየችው። የድርሻዋን እንደተወጣ ሰው ማጠፏን ቀጠለች። የያዘችውን አጥፋ ሌላውን ስትዘረጋ ነው የገባት። ያሳለችው ለማትሰማ ልጅ ነው።

አንሶላውን ጥላ ሮጠች። በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው፣ ጮኸች፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ነው። ሲከፈት ሰውየው መነጽሩን እየጠረገ ወጣ። «ይቺ ልጅ ቶሎ ትደነግጣለች፤ አረጋጊያት» አላት በአባት ፊቱ። ልጅቷ ከመደርደሪያው ጥግ ቆማ ነበር። ሽርጧ ተቀዷል፤ ከንፈሯ ደምቷል፤ የታጠፉት አንሶላዎች በሙሉ ወለል ላይ ተበትነዋል። አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ አንሶላውን ትለቅም ጀመር፤ እታለም እጇን ይዛ እስክታስቆማት ድረስ ለቀመች።

ቤት ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ለምን ትከሻዬን አልነካሽኝም?» አለች ልጅቷ። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

«አሳልኩ እኮ የኔ እናት። አሳልኩ።»

ልጅቷ ከንፈሯን አየች። ያነበበችውን ያላመነች መሰለች።

«ለማን?» አለቻት።

እታለም የተቀደደውን ሽርጥ አንስታ ታጥፈው ጀመር።

ልጅቷ ግን ቆረጠች። «እከሰዋለሁ። አንቺ ሲገባም በሩን ሲዘጋም አይተሻል። ሌላ ምንም አልልሽም፤ ያየሽውን ብቻ ተናገሪልኝ።»

«እናገራለሁ» አለች እታለም። «ባልናገር የእናትሽ አጥንት ይፋረደኝ።» የማለችው ከልቧ ነው፤ ይህን ማንም እንዳይነጥቃት።

ልጅቷ መክሰሷ ከተሰማ በኋላ ሴቶቹ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ ጠጋ ጠጋ አሏት። ክፋት አልነበራቸውም፤ ፈርተው ነው። «እታለም፣ ጡረታሽ ደጃፍ ላይ ነው» አለቻት አንዷ። «ያችን የካውያዋን ሴት ረሳሻት? እሷ ወጣት ነበረች፣ አንቺ ሬሳ ክፍል ትችያለሽ?» አለቻት ሌላዋ። ሦስተኛዋ ደግሞ «እሱን እንኳ ለምደነዋል፣ የሚተካው ምን እንደሆነ በምን እናውቃለን? ዝም አይነቅዝም» አለች። እታለም ጫማዋን እያሰረች ሁሉንም ሰማች። ሲናገሯት የራሷን ድምፅ የምትሰማ መሰላት፤ ለአዲሶቹ ልጆች ስትነግር የኖረችው ከዚህ የተለየ አልነበረምና።

ክሱን ለማየት የተሰበሰቡት ላይኛው ፎቅ ነው፣ ምንጣፍ ያለበት ክፍል። ሰብሳቢው ምክትል ሥራ አስኪያጁ ነው፤ በግራው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ተቀምጣለች። ከኋላ አግዳሚው ላይ የማጠቢያው ሴቶች ተደርድረዋል። ብርዱ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ከልጅቷ ትይዩ ተቀመጠ፤ ስትገባ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት።

«ሁላችንም የምናውቀው ሰው ነው» ብሎ ጀመረ ሰብሳቢው። «ስንት ዓመት ያገለገለ፣ የተከበረ። ሰው ነውና ቢያጠፋም እንኳ...»

«ልጅቷም መስማት ስለሚያስቸግራት» አለች የሠራተኛ ጉዳይዋ፣ በደግ ድምፅ፣ «ያላለውን ብሏል ብላ ተረድታው ሊሆን ይችላል።»

«እጁ አያወራም!» ብላ ጮኸች ሚጢጢ። «እጁን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም!»

ሰብሳቢው ወደ እታለም ዞረ። «እናቴ፣ እርስዎ በቦታው ነበሩ። ሌላውን ይተዉት። ሰውየው ገብቶ በሩን ሲዘጋ አይተዋል? አዎ ካሉ እንቀጥላለን፤ ካላዩ እዚህ ላይ ያበቃል።»

ሚጢጢ ከወንበሯ ወደፊት ተንጠራራች። ዓይኖቿን የአክስቷ ከንፈር ላይ ተከለች፣ ልክ በሕፃንነቷ እንደምታደርገው። እታለም አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። አዎ። ከዚህ ያጠረ ቃል የለም።

ከኋላ እህ እህ ተባለ።

የትኛዋ እንደሆነች አይታወቅም። ወዲያው ሌላዋ ተቀበለች፤ ከዚያ ሌላዋ። በዚያ ምድር ቤት ባረጀችበት ዘመን ሁሉ ይህ ድምፅ ለእታለም አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ የያዝሽውን ጥለሽ ውጪ። ገላዋ ከልቧ ቀደመ። መዳፏ ተነስቶ አፏን ሸፈነ፤ አሳለች።

«ብርድ መቷቸዋል መሰለኝ፤ ውሃ ስጧቸው» አለ ሰብሳቢው።

ውሃውን አልጠጣችም። መዳፏን ከአፏ ሳታነሳ ከሥሩ የሆነ ነገር ተናገረች። ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ፤ የሠራተኛ ጉዳይዋም እፎይ አለች።

«ምን አለች?» አለች ሚጢጢ።

ሴቶቹ የጫማቸውን ጫፍ አዩ።

«አክስቴ ምን አለች? አፏን ሸፍናለች እኮ! ምን አለች?»

የመለሰላት ብርዱ ነው። ወደ እሷ ሙሉ በሙሉ ዞሮ፣ መስማት ለማይችል ሰው እንደሚደረገው ከንፈሩን ከፈት እያደረገ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ «አላየሁም አለች» አላት።

ብርዱ አሁንም እዚያው ነው። ምድር ቤት ውስጥ ሴቶቹ ያስላሉ። ሚጢጢ ሥራውን ትታ ቤት ዋለች፤ መሄጃ ስለሌላት አክስቷ ጋ ትኖራለች። ትበላለች፣ ታጥባለች፣ ልብስ ትሰፋለች። እታለም ከሥራ ስትገባ ሁልጊዜ ፊት ለፊቷ ትቀመጣለች፤ እንደ ድሮው አገጯን በሁለት ጣት ትይዛለች፣ «አፌን እዪኝ የኔ ልጅ፣ አፌን» ትላለች። ልጅቷ እጇን አትገፋውም፣ ፊቷንም አታዞርም። ዓይኗን ትጨፍናለች፤ አክስቷ ተናግራ እስክትጨርስ ድረስ አትከፍተውም።