ዳግማዊት ያቆመችው ኪኒን

ዳግማዊት የሸሚዙን ኮሌታ ሁለት ጊዜ አገላብጣ አየችው፤ እንከን የለውም። የስፌት መስመሩ ኃላፊ ግን መሃሉ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"ይሄ የተዘለለ ስፌት አይታይሽም?"

ግራ ዓይኗን ጨፈነች። ኃላፊዋ ያመለከተቻት ቦታ ላይ ግራጫ ነጥብ ተቀምጧል። ቀኟን ስትጨፍን የተዘለለው ስፌት ታያት።

ዳግማዊት ከደብረ ብርሃን መጥታ መቐለ ያገባች፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ሉፐስ የሚባለው፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ እንዳለባት ካወቀች አራት ዓመቷ ነው። ለበሽታው የምትውጠው ኪኒን ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል በየዓመቱ እንድትመረመር ተነግሯታል፤ ዘንድሮ ግን አልሄደችም። ስለዚህ ነጥቡን ያመጣው ኪኒኑ ነው ብላ ደመደመች። ለባሏ ለዘሚካኤል እንኳ ሳትነግር መዋጡን ተወችው።

ባቆመች በሦስተኛው ሳምንት ጣቶቿ አብጠው መቀስ መያዝ አቃታት፤ ነጥቡም ሰፋ። ካቆመችው ለምን ባሰባት? ወይስ ያቆመችው ዘግይታ ነው?

ዘሚካኤል ያልተነካውን እሽግ መሳቢያ ውስጥ አገኘው። አልተቆጣም።

"ኣጆኺ፣ አይዞሽ፤ ነገ ዓይደር ሆስፒታል እንሄዳለን" አላት።

የዓይን ሐኪሙ ተወልደብርሃን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምሮላት ዓይኗን ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ኪኒኑ አይደለም። ሉፐሱ ራሱ ዓይንሽ ውስጥ በስተጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ጎድቷቸዋል።"

"ዶክተር፣ ኪኒኑ ዓይን ይጎዳል አላላችሁኝም?"

"ለብዙ ዓመት ሲወሰድ አንዳንድ ሰው ላይ ይጎዳል፤ ምርመራው ለዚያ ነው። ያንቺን በሽታ ግን አቅሙ በፈቀደ መጠን ይዞት ነበር። ስታቆሚው ለቀቀው።"

"ታዲያ የምፈራው የትኛውን ነው?"

ሐኪሙ "ሳይመረመሩ መቅረትን" አላት።

ሲመለሱ ሮማናት አደባባይ ላይ የባጃጆቹ መስታወት ሁሉ ብርሃን ረጨባት። የዘሚካኤልን ክንድ ያዘች።

"ይሄ ብዥታ የጠብታው ነው የበሽታው?"

"እኔስ ምን አውቄ" አላት፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጋረደላት።

ኪኒኑን ቀጠለች፤ ጠንካራ መድኃኒትም ተጨመረላት። በሁለት ወሩ ነጥቡ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። እንደዚሁ ይቀር እንደሆን ስትጠይቅ ሐኪሙ "ገና አላውቅም" አላት። ኃላፊዋን አስፈቅዳ ጥቃቅን ስፌት ማየት ወደማይጠይቀው የማሸጊያ ክፍል ተዛወረች። የቀጣዩን ቀጠሮ ቀን ዘሚካኤል በትልልቅ ቁጥር ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈላት።