ቀጭኑ ዲስክ

ቀጭኑን የፍሬን ዲስክ የመረጥኩት እኔ ነኝ። እንድንሠራ የታዘዝነው በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሄድ ሃይብሪድ የስፖርት መኪና ነው፤ ስትሮጥ የምታስደነግጥ፣ ቤንዚን ግን የምትቀምስ እንጂ የማትጠጣ። ሁለቱን ማስማማት አማትና ምራትን አንድ ጓዳ ውስጥ እንደ ማኖር ነው፤ ትንሽ ከተሳሳትክ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነህ ትቀራለህ። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ነበረብን። ፍሬን ሲረገጥ መኪናዋን በአብዛኛው የሚይዛት የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ እየያዘም ጉልበቷን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ታዲያ ከባድ ዲስክ ምን ያደርግልናል አልኩና ቀጭኑን አስገጠምኩ።

አለቃችንን፣ በሌሉበት፣ «ሚዛን» ነው የምንላቸው። ብሎን እንኳ ሳይመዝኑ አያስገጥሙም። አንድ ጊዜ የሙከራ ሹፌሩን ቁርስህን ቀንስ ብለውት፣ ፀጉሬንም ልላጭልዎት እንዴ ብሎ አስቆናል። ያ ሹፌር ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት ለኔ አደራ ያለችው እሱን ነው፤ እኔ ደግሞ አደራዬን የምወጣው በስድብ ነው። በየሙከራው ሬዲዮኑን ይዤ፣ ቀስ በል አንተ ደነዝ፣ ፍሬኑን አቃጠልከው እለዋለሁ። እሱም ይስቅና ይብስበታል።

የዚያን ቀን ጠዋት የድርጅቱ ባለቤቶች መጥተው ወንበር ይዘዋል። መኪናዋ በተባለው ሰዓት ካልተመለሰች ወይም ቤንዚን ካበዛች ሥራው ይዘጋል፤ ሁላችንም ወደየቤታችን። ጋራዣችን ያለው ተራራ አናት ላይ ነው። መንገዱ ጥቂት ሜዳ ይሄድና ቁልቁል ይወርዳል፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፣ መጨረሻው ገደል ያለበት ኩርባ ነው።

ወንድሜ ተፈትልኮ ወጣ። የመኪናዋን መረጃ የሚያሳየኝን ስክሪን ሳየው ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቷል። ልቤ ስንጥቅ አለ። ሁልጊዜ ከላይ ባዶ ቦታ እንዲተውለት አስጠንቅቄ ነበር፤ የሞላ ጄሪካን ውሃ አይቀበልማ። ባትሪው ካልተቀበለ ሞተሩ መኪናዋን አይዛትም። ያንን ሁሉ ቁልቁለት ያ የኔ ቀጭን ዲስክ ብቻውን ሊሸከመው ነው።

ሬዲዮኑን ነጥቄ፣ ቁም አንተ ደንቆሮ፣ ፍሬኑ ይነድዳል ብዬ ጮህኩ። እሱ እቴ! ደግሞ ጀመረሽ ብሎ ሳቀ። ደግሜ ሰደብኩት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። አለቃችን ክንዴን ያዙኝና ባለቤቶቹ ይሰማሉ፣ ሰዓቱም ጥሩ እየመጣ ነው፣ ተይው አሉኝ። የዲስኩ ሙቀት ስክሪኑ ላይ ቀይ ሆነ። ኩርባው እየቀረበ ነው። ያለኝን ስድብ ሁሉ ጨርሻለሁ፤ ቢጨመርም እንደማይሰማኝ ገባኝ። ሬዲዮኑን ወደ አፌ አስጠጋሁት፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

«የኔ ጌታ፣ እባክህ ቁምልኝ።»

ከታች ብረት ሲፋቅ ተሰማ፤ ከዚያ ጭጭ አለ።

እንዴት እንደወረድን አላስታውስም። መኪናዋ ከገደሉ በተቃራኒ ያለውን የአፈር ግድግዳ ታክካ፣ ጎኗ ተልጦ ቆማለች። ጎማዎቿ ይጨሳሉ። እሱ መንገዱ ዳር ተቀምጧል፤ ደህና ነው። በጥፊ ልለው እጄን አነሳሁ፤ ግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የፍሬኑ ፔዳል እየሰመጠበት ነበር አሉ መኪናዋን ያዩት፤ ወደ ግድግዳው ሳያዞራት ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ግድግዳውም አይደርስለትም ነበር። አሁን አይስቅም።

«እትዬ፣ የኔ ጌታ ያልሽኝ እናታችን የሞተች ቀን ብቻ ነው» አለኝ። «ክፉ ነገር እንደመጣ አወቅኩ።»

ባትሪውንም የሞላው እሱ ራሱ ነው። ሙሉ ከሆነ ቤንዚን ይተርፋል፣ እህቴም ባለቤቶቹ ፊት ከምታፍር ትኮራለች ብሎ! ደግነት አያልቅበት። እንዲህ ያለውን ሰው ታቅፈዋለህ ወይስ ታንቀዋለህ? ሁለቱንም ሞከርኩ።

ጋራዥ ስንመለስ አለቃችን ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፣ ነገ ባትሪውን አጉድለን እንደግመዋለን ብለው ለባለቤቶቹ ያስረዳሉ። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ሊቀበል ነው። መውጫው ቀላል ነበር፤ ሥራችንም ይተርፍ ነበር። ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ ይህችን መኪና የሚገዛው ሰው ቤቱ ተራራ ላይ ቢሆንስ?» አልኩ። «ማታ ባትሪዋን ሞልቶ ያሳድራታል፣ ጠዋት ይወርድባታል። እሱን ማን ይለምንልኛል?»

ከባለቤቶቹ አንዷ መፍትሔው ምንድነው ብላ ጠየቀች። ወፍራም ዲስክ ነው፣ ክብደት ይጨምራል፣ ሰዓቱንም ሳናጣው አንቀርም አልኳት። ሰዓቱ ከጠፋ ደግሞ እንደተባለው እንደሚዘጉት ነገረችኝ፤ በጨዋ ደንብ። ነገ ጠዋት ተመልሰው ሊያዩ ተነስተው ሄዱ።

ከባልደረቦቼ ዓይን ሸሽቼ መፍቻዬን አነሳሁ፤ ደግሞም እንጀራችሁን ዘጋሁባችሁ ብዬ ይቅርታ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም። አለቃችን ወደ ዕቃ ቤት ገቡ። ሲወጡ ወፍራሙን ዲስክ እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ወንድሜ እንደልማዱ የዕቃ መመዘኛውን ሚዛን አበራላቸው።

ሚዛኑን አልፈውት መጡና ዲስኩን እግሬ ሥር አስቀመጡት።

«ግጠሚው» አሉኝ።