አራት መቶ ብልቃጥ

ፕሮፌሰሩ ሳጥኖቹ ላይ «ይወገድ» ብለው ጽፈው ወጡ። ተማሪዋ ዓይኗን ማመን አቃታት። አራት መቶ ብልቃጥ ደም፣ የሦስት ዓመት ልፋት፣ የዶክትሬቷ ተስፋ ሁሉ ገደል ሊገባ ነው።

«ናሙናው ተበላሽቷል አሉኝ» አለቻቸው ለእትዬ ሚዛን። የላብራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሻን ናቸው፤ እጃቸው ጠብታ ስለማይስት ነው ሚዛን የተባሉት። ደሙንም ቤት ለቤት ዞረው የቀዱት እሳቸው ናቸው።

«እኔ የቀዳሁት ደም? እስቲ ስሌቱን አምጪው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በኤክስ ክሮሞዞም ላይ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት፣ በሌሎቹ ክሮሞዞሞች ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። የተማሪዋ ስሌት ግን ግማሽ እንኳ አልሞላም፤ ፕሮፌሰሩም ደሙ ተበላሽቷል ያሉት ለዚህ ነው።

እትዬ ሚዛን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው ሰንጠረዡን በጣታቸው ወረዱበት። «ወንዶቹን ስንት ኤክስ ሰጠሻቸው?»

ተማሪዋ ክው አለች። ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን አንዱን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ከራሱ ጋር ሲያነጻጽር ከርሟል። ከራሱ የሚለይ ነገር የት ይገኛል! አስተካክላ አሰላችው። ስልሳ አንድ በመቶ። ከሰባ አምስት አሁንም ሩቅ ነው። «በቃ፣ አለቀልኝ» ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

እትዬ ሚዛን ከመሳቢያቸው የተጨማደደ ደብተር አወጡ። ደም ሲቀዱ ሰው መርፌውን እንዳያይ ወሬ ያስይዙታል፤ ወሬውንም ይጽፉታል። ተማሪዋ ደብተሩን ታውቀዋለች፤ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም እንጂ። ገጽ በገጽ ያው ታሪክ ነው፦ የደም ሰጪዎቹ ቅድመ አያቶች ከብዙ ትውልድ በፊት ጎርፍ አፈናቅሏቸው እዚህ አገር የደረሱ፣ ሃያ የማይሞሉ ቤተሰቦች ነበሩ።

«ሰው ጥቂት ሲሆን ልዩነቱ ቶሎ የሚሳሳው የየትኛው ክሮሞዞም ነው?»

«የኤክስ!» አለች ተማሪዋ ብድግ ብላ። «በአንድ ባልና ሚስት ሌላው ክሮሞዞም አራት ባለበት እሱ ሦስት ነዋ።» በየቤተሰቡ ሦስት ሰው ገምታ፣ ከስልሳ ገደማ ሰው የተነሣ ሕዝብ በኮምፒዩተር አሰላች። ስልሳ በመቶ ወጣ፤ ከደሙ ስልሳ አንድ ጋር ገጠመ። ለመሆኑ እኚህን ሴት የመሰለ ሰው ከየት ይገኛል?

ፕሮፌሰሩ የደሙንና የኮምፒዩተሩን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጠው አስተያዩ። ከዚያ ጥጥ አልኮል ውስጥ ነክረው «ይወገድ» የሚለውን ከየሳጥኑ ራሳቸው ጠረጉት።

«ይቀመጣል ማለት ነው?» አሉ እትዬ ሚዛን።

«ይቀመጣል።»

«ለአራት መቶ ሰው ደማችሁን አላስደፋም ብዬ ቃል ገብቼ ነበር» አሉና፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመው የዋሉት ሴት ወንበር ስበው ተቀመጡ።